መቱ ድረስ ሄዳችሁ ጥብስ አትዘዙ!

ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ መቱ ስትገቡ ሆቴሉ የሚሰጣችሁን ሜኑ እኛ ቁጭ ብለን እንነግራችኋለን፦ ጥብስ፣ ፍርፍር፣ ፓስታ በስጎ። የቦሌውን ወረቀት ፎቶ ኮፒ አድርገው ያመጡት ነው የሚመስለው።

እኛ የምንለው አጭር ነው። መቱ ላይ የሚበላው ጀበና ከተጣደበት ነው። ከበደሌ ስትመጡ ያዩን ታልፋላችሁ አይደል? ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የመዘገበው፣ ቡና ማንም ሳይተክለው ዛፍ ሥር የሚበቅልበት ጫካ እዚያ ነው። እዚህ አገር መጥቶ የማሽን ማኪያቶ መጠጣት… እንበለው እንዴ? ነውር ነው!

ጀበና ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም፤ የቡና ቁርስ አለው። ቆሎ፣ ንፍሮ፣ የተቀቀለ ጎደሬ፣ ወቅቱ ከሆነ የበቆሎ እሸት። ዕድል የቀናው ሰው ቤት ተጋብዞ ቡና ቀላ ይቀምሳል። ቡናው ከነገለፈቱ በቅቤ ይበስልና ይበላል እንጂ አይጠጣም። የኦሮሞ የክብር ምግብ ነው። አንድ ሆቴል ውስጥ “ቡና ቀላ አላችሁ?” ብለን ጠይቀን አስተናጋጁ ስቆብናል።

ደቡብ ስፔን፣ ግራናዳ ውስጥ፣ መጠጥ ላዘዘ ሰው ትንሽ ሳህን ምግብ በነፃ አብሮ ይቀርብለታል። ታፓስ ይሉታል። ቱሪስቱ ለዚያች ሳህን ሲል ከቤት ቤት ሲዞር ያመሻል። የኛ የቡና ቁርስ በምን ያንሳል? እነሱ በምግባቸው አያፍሩም፣ ይኸው ነው።

እኛ እናፍራለን። ጎደሬ “የድሃ”፣ አንጮቴ “የገጠር”፣ ገንፎ “የአራስ” ሆኖብናል። ዛፍ ላይ ከተሰቀለ ቀፎ የሚወርደው የጫካ ማር አገሩን ሞልቶት፣ እኛ ባደርንበት ሆቴል ለቁርስ የቀረበልን የፋብሪካ ማርማላታ ነው። ማርማላታ! በኢሉባቦር!

“ንጽህናውስ?” ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ቡናው ፊታችሁ ተቆልቶ፣ ፊታችሁ ነው የሚፈላው። ጎደሬም ቢሆን በደንብ ካልተቀቀለ ጉሮሮ ስለሚያሳክክ ሴቶቹ በማብሰሉ አይቀልዱም። የሆቴሉን ኩሽና ግን ገብቶ ያየ እጁን ያውጣ።

ሆቴሎቹ እነዚህን ሴቶች በረንዳቸው ላይ ቢያስቀምጡ ምን ይጎዳሉ? ጀበናው ሲፈላ ያየ እንግዳ እኮ ቶሎ አይነሳም።

መቱ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ልጆችም፣ ቤተሰብ ሊጠይቃችሁ ሲመጣ ጀበናው ጋ ውሰዱት። ሒሳብ ስትከፍሉ ታዲያ የቁርሱንም ጨምሩ፤ ሴትየዋ ይሉኝታ ይዟት አትጠይቃችሁም።