ቦይለሩ የአከራይ፣ ቢሉ የተከራይ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ስንከራይ የምንጠይቀው የታወቀ ነው። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ቆጣሪው የግል ነው የጋራ? ሻወር አለው? «አለው፣ ቦይለርም ገጥመንለታል» ከተባልን ደስ ብሎን ወደ ኪራይ ክርክር እንገባለን። ቦይለሩ በወር ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚበላ የሚጠይቅ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። የመብራት ዋጋ እዚህ ግባ የማይባል በነበረበት ጊዜ መጠየቁም ትርፍ አልነበረውም።

ያ ጊዜ አልፏል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ ለአራት ዓመት እንዲቀጥል ተወስኗል። («ማስተካከያ» የምትባለዋን ቃል ሁላችንም እናውቃታለን፤ ወደ ታች ስታስተካክል አይተናት አናውቅም።) ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ገበያ ላይ የምናያቸው ማሞቂያዎች በአብዛኛው ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ መግዣውም ማስኬጃውም ተያይዘው ወደ ላይ ወጡ ማለት ነው።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። የቧንቧው ውሃ 18 ዲግሪ ነው እንበል፣ ለሻወር 40 ይበቃል። አንድ ሰው 30 ሊትር ከተጠቀመ 0.77 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። አራት ሰው ያለበት ቤት ሁሉም በየቀኑ ቢታጠቡ በወር 92 ኪሎዋት ሰዓት መጣ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ምንም ዓይነት ይሁን ከዚህ በታች አይወርድም። (ሦስት እጥፍ ቆጣቢ የሆነው ሂት ፓምፕ የሚባለው አለ፤ እኛ ሰፈር ግን ገና አልደረሰም።) ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ በላይ በሚባክነው ነው።

ቦይለር የሚያባክነው ማንም ሳይታጠብ ነው። 50 ሊትር የሚይዝ ቦይለር ሌት ተቀን ከተሰካ ሙቀቱ በግድግዳው እየወጣ በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጠፋል። 92 የነበረው 122 ሆነ። ታሪፉ በአንድ ብር በጨመረ ቁጥር በዚህ ቤት ላይ 122 ብር በየወሩ ይጨምራል ማለት ነው። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ 1.5 ኪሎዋት የሆነው ቦይለር 50 ሊትሩን ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ከአንድ ሰዓት ተኩል ትንሽ ነው የሚያልፈው። ከመታጠባችሁ በፊት ለኩሱት፣ ታጥባችሁ አጥፉት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ ደግሞ ሳትለኩሱ በፊት ውሃ መኖሩን እዩ፤ ባዶውን ከበራ ውስጡ ያለው ማሞቂያ ይቃጠላል።

«ኢንስታንት» የምንለው ይህ ብክነት የለበትም፣ ሲገዛም ይረክሳል። ችግሩ ጉልበቱ ላይ ነው። 5.5 ኪሎዋት የሆነው በ220 ቮልት 25 አምፔር ይስባል። የብዙ ኪራይ ቤት ሽቦ ለአምፖልና ለቴሌቪዥን ተብሎ የተዘረጋ ስለሆነ ብሬከሩ ቢወድቅ ዕድለኞች ናችሁ፤ ካልወደቀ ሽቦው ነው የሚግለው። «አሁን እኮ ግድቡ ተመርቋል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ አቅም 5,150 ሜጋዋት ነው። ብታካፍሉት፣ 940 ሺህ ገደማ ኢንስታንት ሻወሮች ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እኩል ቢከፈቱ ግድቡን እንዳለ ይጨርሱታል። ያውም የሰፈሩ ትራንስፎርመር ከቻለው ነው።

በከሰል አሙቆ በባልዲ መታጠብስ? 20 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይፈልጋል፤ ውሃው ስለሚያንስ ከሻወር ይረክሳል። ነገር ግን ተራ የከሰል ምድጃ ከሙቀቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ነው ለድስቱ የሚሰጠው። ስለዚህ ለአንድ ባልዲ አንድ ሦስተኛ ኪሎ ከሰል ይሄዳል። የሰፈራችሁን የከሰል ዋጋ ለሦስት አካፍሉና ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት መብራት ጋር አስተያዩት። ከሰሉን መታጠቢያ ቤት ውስጥ አስገብቶ በር መዝጋት ደግሞ የዋጋ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሶላሩ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይወሳሰባል። አገራችን ላይ በአንድ ካሬ ሜትር በቀን 5 እና 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ፀሐይ ያርፋል። ሁለት ካሬ ሜትር ሶላር ማሞቂያ ግማሹን እንኳ ቢይዝ የዚያን አራት ሰው ቤት ፍላጎት በደንብ ይሸፍናል፤ ክረምት ላይ ብቻ የመብራት ድጋፍ ይፈልጋል። ታዲያ ለምን ሁሉም ጣሪያ ላይ የለም? ከቦይለር ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት ከነመግጠሚያው 60 ሺህ ብር ነው እንበል፣ ዓመቱ ሲማከል ደግሞ በወር 95 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥብ። በድሮው ታሪፍ ትልቁ ዋጋ፣ በ2.481 ብር፣ ገንዘቡን ለመመለስ 21 ዓመት ይፈጃል። ታሪፉ 6 ብር ቢደርስ ወደ 9 ዓመት ይወርዳል። የራሱ ቤት ላለው ሰው ይሄ አሁን የሚታሰብ ነገር ሆኗል።

ለተከራይ ግን አይሆንም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል፤ ያ ትልቅ ነገር ነው፣ ከ9 ዓመት ጋር ሲተያይ ግን ምንም ነው። አከራዩም ቢሉን ስለማይከፍል ውድ ማሞቂያ የሚገዛበት ምክንያት የለውም። ርካሹን ይገጥማል፣ ብክነቱን እኛ በየወሩ እንከፍላለን። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ይህን «የተከፈለ ጥቅም» እያልን በግራፍ ስንስለው ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥ በካርድ ቆጣሪ ነው የሚታየው።

ከሁሉ የከፋው የጋራ ቆጣሪ ነው። ታሪፋችን ብዙ የተጠቀመ ብዙ እንዲከፍል በእርከን የተሠራ ነው፤ በቀድሞው ታሪፍ የመጀመሪያው እርከን 0.273 ብር፣ የመጨረሻው ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ነበር። ሐሳቡ ድሃውን ለመደጎም ነው። አንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ አምስት ተከራዮች እያንዳንዳቸው 60 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀሙ ግን ቆጣሪው የሚያየው 300 የሚጠቀም አንድ ሀብታም ነው። አንዱ ቦይለር ቢሰካ ሁሉም ወደ ውዱ እርከን ይገፋሉ፤ ለዚህ ነው ብዙ ግቢ ውስጥ ቦይለር የሚከለከለው፣ ምጣድም በተራ የሚሆነው። አንዳንድ አከራዮች በየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ ያስገባሉ፤ ጠቡን ይቀንሳል፣ ማን ስንት እንደተጠቀመም ይለያል። እርከኑን ግን አይቀንስም፤ ለዚያ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቆጣሪ ያስፈልገዋል። ማመልከቻውን የሚያስገባው ደግሞ ቢሉን የማይከፍለው አከራይ ነው።