ስቡ ምን አጠፋ?

ቻይናዎች «ዮውኒ» የምትባል ቃል አለቻቸው። «ዮው» ዘይት ነው። «ኒ» ደግሞ ቅባት በዝቶበት ሁለተኛ ጉርሻ የማያስመኝ ምግብ የሚገለጽባት ናት። አንድ ወሬ ሲደጋገምባቸውም «ኒ» ይላሉ፤ እኛ «አንገሸገሸኝ» እንደምንለው መሆኑ ነው።

ይህቺ የማዕድ ቤት ቃል የሰው መስደቢያ ሆና የገነነችው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት ፌንግ ታንግ የተባለ ደራሲ «ዮውኒ» ጎልማሳ ላለመሆን የሚበጁ ምክሮችን ጻፈ። አትወፍሩ አለ፤ ወጣቶችንም አትምከሩ አለ። ጽሑፉ አገር ምድሩን አዳረሰ። ከዚያ ወዲህ ጉረኛው አለቃም፣ ሴት ባየ ቁጥር የሚለክፈውም፣ ቦርጩ የገፋ ምስኪን አባወራም እኩል «ዮውኒ» ይባሉ ጀመር።

እኛ የማይዋጥልን ይህ እኩልነት ነው።

ቻይናዎቹ ራሳቸው ስብ ሌላ፣ ማንገሽገሽ ሌላ መሆኑን አሳምረው ያውቃሉ። በ11ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው ባለቅኔ በሱ ዶንግፖ ስም የሚጠራ የአሳማ ሥጋ አላቸው፤ ጮማና ቀይ ሥጋ የተደራረበበት ነው። በሩዝ ጠጅና በሶያ ሶስ፣ በለዘብተኛ እሳት ቀስ ብሎ ይበስላል። ባለሙያ የሠራው እንደሆነ «ፌይ አር ቡ ኒ» ተብሎ ይመሰገናል፤ «ስባም ነው፣ ግን አያንገሸግሽም» ማለት ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የስቡ ሳይሆን ልክ የማጣቱ ነው።

ደግሞስ ቦርጩ የሚሰደበው ያ ጎልማሳ የት አደገ? በቻይና ዘይት ለአሥርት ዓመታት በኩፖን ሲታደል ኖሮ ኩፖኑ የቀረው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይጠፋውም። ዘይት ተለክቶለት ያደገ ሰው በስተርጅና ትንሽ ቢጠግብ ምን ነውር አለው?

ጉራውን፣ ልክፍቱን፣ ለአለቃ ማሸርገዱን «ዮውኒ» በሉት፤ ሲያንሰው ነው። ሆዱን ግን ተዉለት። እኛም «አፉ ቅቤ፣ ልቡ ጩቤ» ስንል ቅቤውን አልከሰስንም።

ምክርም ሲበዛ «ዮውኒ» ነውና እዚህ ላይ እናብቃ።