የክረምት ዕረፍትና የጊፋታ ሰሞን፦ ሥራ ሳይጓደል የሠራተኛን ፈቃድ ማክበር

ጊፋታ የወላይታ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በዓል ሲሆን፣ በየዓመቱ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ በሚውለው እሑድ ይከበራል። በዚሁ ሰሞን መስከረም 17 ቀን የመስቀል በዓል ይውላል። በዳሞት ፑላሳ ወረዳ በሻንቶ ከተማም ሆነ በሌሎች የዞኑ ከተሞች ወቅቱ በሆቴሎች፣ በመደብሮች፣ በወፍጮ ቤቶችና በልብስ ስፌት ቤቶች ላይ ሦስት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ያመጣል። ገበያው ይደራል፤ ቋሚ ሠራተኞች በዓሉን ከቤተሰባቸው ጋር ለማሳለፍ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ በክረምቱ ተቀጥረው የቆዩ ተማሪዎች ደግሞ ወደ ትምህርት ገበታቸው ይመለሳሉ።

ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው አማራጭ ፈቃድ መከልከል፣ የቀሩትን ሠራተኞች ያለዕረፍት ማሠራት ወይም ተማሪዎችን ማቆየት ነው። ይሁን እንጂ የጊፋታ መዋያ ከዓመት በፊት የሚታወቅ በመሆኑ፣ የሰው ኃይል ክፍተቱ ድንገተኛ ችግር ሳይሆን የዕቅድ ጉዳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ድንጋጌዎችም የሚመሩት ወደዚሁ ነው።

በአዋጁ መሠረት አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ የሥራ ቀን እየተጨመረለት ከክፍያ ጋር የዓመት ፈቃድ ያገኛል። ሠራተኛው በሥራ ላይ እያለ ይህን ፈቃድ በገንዘብ መለወጥ በመርህ ደረጃ ክልክል ነው። የፈቃድ መርሐ ግብር የሚያወጣው አሠሪው ሲሆን፣ የሠራተኛውን ፍላጎትና የድርጅቱን መደበኛ ሥራ በተቻለ መጠን ማጣጣም ይጠበቅበታል። ስለዚህ ሠራተኛው የጊፋታን ሳምንት የግድ ይሰጠኝ ማለት ባይችልም፣ አሠሪውም ጥያቄውን ሳያመዛዝን መዝጋት የለበትም። የሥራው ሁኔታ ሲያስገድድ ፈቃድ ሊተላለፍ ይችላል፤ ሆኖም ከሁለት ዓመት በላይ ማስተላለፍ አይቻልም።

ለአብነት ስድስት ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ቢታሰብ፣ እያንዳንዳቸው 16 ቀናት ቢኖራቸው በዓመት 96 የሥራ ቀናት መሸፈን አለባቸው። ሁሉም ለመስከረም ከተጠራቀሙ ድርጅቱ ይዘጋል። ሠራተኛው ሲጠይቅና አሠሪው ሲስማማ ፈቃዱን ለሁለት መክፈል ስለሚቻል፣ 10ሩን ቀናት ዝናቡ ሥራ በሚያቀዘቅዝበት በሐምሌና በነሐሴ፣ 6ቱን ደግሞ በበዓሉ ሰሞን መስጠት ይቻላል። በዘንድሮው ጊፋታ ግማሾቹ ቢወጡ፣ በሚቀጥለው ዓመት ተራው የቀሩት ይሆናል። መርሐ ግብሩ በሰኔ ወር ተጽፎ ለሁሉም ከታየ ቅሬታ ይቀንሳል። በፈቃድ የወጣን ሠራተኛ ለመተካት ወይም ከተለመደው በላይ የሆነ የሥራ ጫናን ለማቃለል ለተወሰነ ጊዜ ሰው መቅጠርንም አዋጁ ይፈቅዳል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመበት ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት።

የትርፍ ሰዓት ሥራ የመጨረሻ አማራጭ ነው። የሚፈቀደው አሠሪው ሌላ መንገድ ሲያጣና አዋጁ የዘረዘራቸው ምክንያቶች ሲኖሩ ሲሆን፣ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ክፍያው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የመደበኛው የሰዓት ደመወዝ 1.5 እጥፍ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ንጋት 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5 እጥፍ ነው። የሰዓት ደመወዙ 30 ብር የሆነ ሠራተኛ በሳምንት ዕረፍት ቀኑ 4 ትርፍ ሰዓት ቢሠራ 240 ብር ሊከፈለው ይገባል። አስቀድሞ ባለማቀድ የሚመጣው ወጪ ከዚህ ይታያል።

ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው በክረምት የሚቀጠሩ ተማሪዎች ጉዳይ ነው። ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር የተከለከለ ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በትርፍ ሰዓት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በሳምንት ዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓላት ሊሠራ አይችልም። በመሆኑም የበዓሉን ጫና በእነዚህ ወጣቶች ለመሸፈን መሞከር ሕግን መተላለፍ ነው፤ ትምህርታቸውንም ያስተጓጉላል። ተማሪው ሥራውን ሲያቆም ደመወዙ ብቻ ሳይሆን ከሠራበት ጊዜ ጋር የሚመጣጠን የዓመት ፈቃድ ክፍያም ይታሰብለታል። ለሁለት ወር ሥራ ይህ ድርሻ ከሁለት ቀን ተኩል በጥቂቱ ይበልጣል።

ፈቃድ የተከለከለ ወይም ክፍያ የቀረበት ሠራተኛ በቅድሚያ ጥያቄውን ለአሠሪው በጽሑፍ አቅርቦ ቅጂውን መያዝ ይጠቅመዋል። መግባባት ካልተቻለ በሚኖርበት ወረዳ ወይም ከተማ አስተዳደር የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ወደሚከታተለው ጽሕፈት ቤት የሥራ ውሉንና ያሉትን ማስረጃዎች ይዞ መቅረብ ይችላል። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ስለሚታገድ፣ የመስከረም ሒሳብ ከመጋቢት ማለፍ የለበትም።