በሮም ስላለችው የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ

ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ከፍ ያለውን ሕንፃ አይቶ ሲመለስ፣ አገር አየሁ ይላል። ነገር ግን ከሕንፃው ቁመት ይልቅ በውስጡ የኖሩትን ሰዎች ሥራ የጠየቀ እንደ ሆነ፣ ለልጆቹ የሚተርፍ ትምህርት ይዞ ይገባል። ስለዚህ አባቶችና እናቶች ለልጆቻችሁ እንድትነግሩት ስለ አንዲት ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ጥቂት እንጽፋለን። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በሮም፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ ከታላቁ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ስሟም የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ይባላል። ሊያያት የሚወድ መንገደኛ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቅ። ሕንፃዋ በየዘመኑ ታድሷል፤ በቅርጽ ያጌጠው ደጃፏ ግን የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ያን ጊዜ በአውሮፓ የነበረው አሠራር ሮማኔስክ ይባላል፤ መታወቂያውም ወፍራም ግድግዳና ግማሽ ክብ ቅስት ነው።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን የሮም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ 4ኛ ይህችን ቤት ከኢትዮጵያ ለሚመጡ መነኮሳት ማረፊያ አደረጓት። እነርሱም በኢየሩሳሌም በኩል በእግርና በመርከብ እጅግ ደክመው የሚደርሱ ነበሩ።

ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ካህን በሮም ሳለ እነዚህ እንግዶች በማያውቀው ቋንቋ ሲጸልዩ ሰማ። ሰምቶም ዝም ብሎ አላለፈም፤ ቀርቦ ጠየቀ፤ ተማረ፤ በ1513 ዓ. ም. መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። ከታተሙት የግዕዝ መጻሕፍት የመጀመሪያው ይህ ነው።

ከዚህም በኋላ አባ ተስፋ ጽዮን ከወንድሞቻቸው ጋራ በ1548 ዓ. ም. ሐዲስ ኪዳንን ማሳተም ጀመሩ። አታሚዎቹ ፊደሉን አያነቡም፤ መነኮሳቱም የማተሚያውን ሥራ አያውቁም ነበር። ስለዚህ አባ ተስፋ ጽዮን በመጽሐፉ ስለሚገኘው ስሕተት አንባቢውን ይቅርታ ጠየቁ። ይሁን እንጂ እርስ በርሳቸው እየተረዳዱ ሥራውን ፈጸሙት።

እንደዚሁም በ1649 ዓ. ም. ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባለው ጀርመናዊ ሊቅ ከአማራ አገር የመጡትን አባ ጎርጎርዮስን በሮም አገኛቸው፤ ከእርሳቸውም ብዙ ተማረ። በ1698 ዓ. ም. የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህን ሳያዩ በ1658 ዓ. ም. መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞቱ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የመጣው የእንግዳን ቋንቋ ካለመናቅ ነው። እዚህ በባምባሲ ገበያ በርታው፣ ማኦው፣ ኦሮሞውና አማራው በየቋንቋቸው ሲነጋገሩ ይሰማል። ልጆቻችን ግን ብዙ ጊዜ የማያውቁትን ቋንቋ ሲሰሙ ይሥቃሉ፤ ወላጆችም አይገሥጿቸውም። ከመሣቅ ይልቅ የጎረቤታቸውን ልጅ፣ ይህ በቋንቋህ ምን ይባላል? ብለው በትሕትና ይጠይቁ፤ መልሱንም በደብተራቸው ይጻፉት፤ የራሳቸውንም ቃል በምትኩ ይንገሩት።

ፊደልንም አጥብቀው ይማሩ። በዚያች ቤተ ክርስቲያን በግዕዝ የተጻፈባቸው የመነኮሳት የመቃብር ድንጋዮች አሉ። ፊደል የቈጠረ የድኻ ልጅ እዚያ ቢደርስ ስማቸውን ያነበዋል፤ ፊደሉን የናቀ የመኰንን ልጅ ግን በአገሩ ሰው መቃብር ፊት እንደ ባዕድ ይቆማል።