ልጁን ማን ይጠብቀው ነበር?

በዚህ ዓምድ ዘወትር እንደምናደርገው ዛሬም ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱን ይዘን እንወያያለን። ደብዳቤው የመጣው ከደቡብ ወሎ፣ ከመካነ ሰላም አካባቢ ነው። የጻፈችልን እህት በትዳር 11 ዓመት የቆየች የሦስት ልጆች እናት ናት። ስሟንና የአጥቢያዋን ስም እንዳንጠቅስ ስለጠየቀችን አንጠቅስም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአጥቢያቸው የውኃ ጥምቀት የሚፈጸምበት ዕለት ነበር። ምእመናኑ በጠዋት ተነሥተው፣ ምግብ ቋጥረው፣ እየዘመሩ ወደ ወንዝ ወረዱ። የተመረጠው ስፍራ ለመስኖ ተብሎ ወንዙ በአነስተኛ የኮንክሪት ግድብ የተጠለፈበት ቦታ ነው። ከግድቡ በላይ ውኃው ተኝቶ ሰፊ ኩሬ ስለሚሠራ ለማጥመቅ ይመቻል። ጥምቀቱ በሰላም ተፈጸመ። ዝማሬ፣ እልልታ፣ መተቃቀፍ... ከዚያም ምሳ ቀረበ። ባል ከመዘምራኑ ጋር፣ ሚስት ከወጥ ድስቱ ጋር ነበሩ። የ8 ዓመት ልጃቸው ግን ከግድቡ በታች ባለው ውኃ ውስጥ ነበር። አንድ እረኛ አይቶት ሮጠ፤ ዱላውን ዘርግቶም አወጣው። ልጁ ድኗል፤ የጌታ ስም ይባረክ!

“ከዚያ ቀን ወዲህ ግን” ትላለች እህታችን፣ “እኔና ባለቤቴ አንድ ቤት እየኖርን ተለያይተናል። እሱ ‘እናት ሆነሽ እንዴት አታይውም?’ ይለኛል። እኔም ‘አንተስ አባቱ አይደለህም?’ እለዋለሁ። ሽማግሌዎች ደግሞ ጌታ ጠብቆታልና አመስግናችሁ እለፉት አሉን። ማለፍ ግን አቃተን።”

እህታችን፣ ስለ ግልጽነትሽ እናመሰግናለን። ሽማግሌዎቹ አመስግኑ ማለታቸው መልካም ነው። ነገር ግን ሳይነጋገሩ ማለፍና ይቅር ተባብሎ ማለፍ አንድ አይደሉም። ስለዚህ በቅድሚያ ስለ ውኃው፣ ቀጥሎ ስለ ትዳራችሁ እንነጋገር።

ውኃው ለምን ያታልላል?

ደጋ ላይ ያደግን ብዙዎቻችን ዋና አናውቅም። ወንዝን የምናውቀው ስንሻገረው፣ ልብስ ስናጥብበትና ከብት ስናጠጣበት ነው። የቦረናና የሳይንት አገር ውኃ ደግሞ ቁልቁል የሚሮጥ ነው። ከደጋው የሚነሡት ጅረቶች በበሽሎ፣ በወለቃና በሌሎችም ገባሮች በኩል ወደ ጥልቁ የዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ። ሰው ሲገድበው ጸጥ ያለ ቢመስልም ጉልበቱ አልጠፋም።

በሌላ አገር፣ ለምሳሌ በግብፅ እስና ከተማ ዓባይ ላይ ባለው ግድብ፣ ጀልባን ከፍና ዝቅ አድርጎ በሰላም የሚያሳልፍ ባለ በር ማለፊያ ተሠርቷል። በእኛ የመስኖ ጠለፋ ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። ግንድም ይሁን ልጅ የሚያልፈው ከግድቡ አናት ወድቆ ነው፤ ወይም ወደ ቦዩ በር ተስቦ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ከግድቡ ሥር ያለው አረፋ ነው። ከአናት የሚወድቀው ውኃ ወደ ታች ይጠልቅና ተመልሶ ወደ ግድቡ ይዞራል። በውስጡ የገባውን ሁሉ ወደ ግድቡ እየጎተተ፣ እያሰጠመና እያወጣ ያሽከረክረዋል። አረፋው አየር ስለበዛበት ሰውን አያንሳፍፍም። ከዚህ ስፍራ ጎበዝ ዋናተኛም ላይወጣ ይችላል። ልጅ ግን “ሲፈላ ደስ ይላል” ብሎ ይገባበታል!

ሌላው ድንገተኛ ሙላት ነው። እናንተ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከላይ ተራራው ላይ ሊዘንብ ይችላል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት፣ በሌላ ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበት የደቻቱ ወንዝ ከደጋ በወረደ ጎርፍ ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። እንዲሁም ባሕር ዳር አጠገብ እንዳለው እንደ ጨረጨራ ያለ ባለ በር ግድብ ሲከፈት ምንም ዝናብ ሳይኖር ከታች ያለው ውኃ ይጨምራል። ውኃው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ ከመጣ ወይም ድምፁ ከተለወጠ ዕቃ ሳትሰበስቡ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ከፍታ ውጡ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 300 ሺህ ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል። ከእነዚህ መካከል ሩብ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። የሚሰጥም ልጅ ብዙውን ጊዜ አይጮኽም። አፉ ውኃ ውስጥ ነውና “እማዬ!” ለማለት ትንፋሽ የለውም። ስለዚህ እህታችን፣ ከወጥ ድስቱ አጠገብ ሆነሽ ጩኸት ባለመስማትሽ ራስሽን አትኮንኚ።

“ጌታ ይጠብቃል” ስንል ምን ማለታችን ነው?

እግዚአብሔር ጠባቂያችን ነው፤ ይህን አንጠራጠርም። ነገር ግን እርሱ ራሱ ለሕዝቡ በሰጠው ሕግ ምን እንዳዘዘ እንመልከት። በዘዳግም 22 ቁጥር 8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም እንዳይወድቅ በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል። በዘጸአት 21 ቁጥር 33 እና 34 ደግሞ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው ለሚወድቅበት እንስሳ ተጠያቂ ነው። ለበሬና ለአህያ እንዲህ ካለ ለልጅማ እንዴት አብልጦ አያስብ!

ይህ ቃል ዛሬ በግቢያችን ይሠራል። በገጠር ብዙ ቤተሰብ የዝናብ ውኃ የሚያቁርበት ፕላስቲክ የተነጠፈ ኩሬ አለው። ፕላስቲኩ ስለሚያንሸራትት የገባ ልጅ በራሱ አይወጣም። ኩሬ ያላችሁ ዙሪያውን አጥሩ፤ ቋጠሮ ያለው ገመድም ከዳር አስራችሁ ወደ ውስጥ ልቀቁ። ጌታችን ራሱ ከመቅደስ ጫፍ ዝለል፣ መላእክት ይይዙሃል በተባለ ጊዜ አልዘለለም። መከታ ሳያበጁ “ጌታ ይጠብቃል” ማለት ከእምነት ይልቅ ወደ መፈታተን ያደላል።

አሁን ደግሞ ወደ ትዳራችሁ

ከቦረና ግርጌ የሚያልፈው ዓባይ ወርዶ ወርዶ ጉባ ይደርሳል። በዚያ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 145 ሜትር ቁመት አለው፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። ይህን ያህል ግዙፍ ሆኖ እንኳ ትርፍ ውኃ የሚያስወጣ በር ተሠርቶለታል። መሐንዲሶች ውኃውን ሁሉ አፍነን እንይዘዋለን አላሉም። በልኩ የሚወጣበትን መንገድ አዘጋጁለት።

በሊቢያ ደርና ከተማ በላይ የነበሩት ሁለት ግድቦች ግን ጥገና እንደሚያስፈልጋቸው አስቀድሞ በጽሑፍ ተጠቁሞ ነበር። ጳጉሜን 5 ለ6 ሌሊት 2015 ዓ.ም. ከባድ ዝናብ ሲመጣ ፈረሱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም አለቁ። ምሳሌ 17 ቁጥር 14 የጠብን ጅማሬ ከሚለቀቅ ውኃ ጋር ያነጻጽረዋል፤ ሳይገነፍል እንድንተወውም ይመክረናል። እናንተም ስንጥቁን አይታችኋል። ገና ሳይፈርስ ጠግኑት።

እንዴት? ሁለታችሁም የፈራችሁት አንድ ነገር ነው፤ ልጃችሁን ልታጡት ነበር። ፍርሃቱን መናገር ስለከበዳችሁ በቁጣ ተናገራችሁት። አዳምም በተጠየቀ ጊዜ ጣቱን ወደ ሚስቱ ቀሰረ እንጂ “እኔ” አላለም። ወንድማችን፣ ቤቱን የምትመራ ከሆነ ጥፋትን በመናገርም ቅደም። “አንቺ አላየሽውም” በማለት ፈንታ “እኔም አላየሁትም፤ በጣም ደንግጬ ነበር” በላት። እህታችንም “እኔ ደግሞ አንተ ታየዋለህ ብዬ ነበር” በዪው። ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው! እያንዳንዱ ሌላው ያየዋል ብሎ ነበር። መቶ ሰው ባለበት ልጅ የሚሰጥመው ሁሉ ጠባቂ ስለሚመስልና በስም የተመደበ ጠባቂ ስለሌለ ነው።

ልጃችሁንም አትርሱት። በእርሱ ምክንያት እንደምትጣሉ ይሰማል። ጠርታችሁ አቅፉት፤ “የተጣላነው አንተ ስላጠፋህ አይደለም” በሉት። ያንን እረኛ አመስግናችሁታል? ካልሆነ ሦስታችሁም ሂዱ። የእምነት ልዩነት ቢኖር እንኳ ምስጋናን አይከለክልም።

ለቀጣዩ የጥምቀት ቀን

ባልና ሚስት ተስማምታችሁ የሚከተሉትን ለአጥቢያችሁ ሽማግሌዎች አቅርቡ፦

1. በክረምት ወይም ዝናብ በጣለ ማግሥት ወደ ወንዝ አትውረዱ። ከዋዜማው ሁለት ሰዎች ሄደው ጥልቀቱን በእንጨት ይለኩ።

2. ከግድቡ አናት ላይና ከሥሩ ማንም አይሂድ። ኮንክሪቱ አረንጓዴ ለብሶ ያዳልጣል። ከቦዩ በርም ራቁ።

3. ልጆችን ብቻ የሚጠብቁ ሁለት አዋቂዎች በስም ይመደቡ፤ በየግማሽ ሰዓቱም ይቀያየሩ። ይህም አገልግሎት ነው!

4. ረጅም ገመድና ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ይዘጋጅ። ሰው ሲሰጥም ዘላችሁ አትግቡ፤ ዱላ ዘርጉ፣ ጋቢ ወርውሩ ወይም ጀሪካኑን በገመድ አስራችሁ ጣሉለት።

5. የወጣው ሰው የማይተነፍስ ከሆነ ውኃ ለማስወጣት ብላችሁ አትዘቅዝቁት። በጀርባው አስተኝታችሁ አፍ ለአፍ ትንፋሽ ስጡት፤ ደረቱንም እየተጫናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት። የተሻለው ቢመስልም ይመርመር።

6. ምሳውንና ጨዋታውን ከውኃው ራቅ አድርጉ። ለመዝናናት ከሆነ ውኃ ብቻ አይደለም ያለው፤ በአካባቢያችሁ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታዩበት የደንቆሮ ጫካ አለ። ቤተሰብ አብሮ በእግሩ እየሄደ የፈጣሪን ሥራ ሊያደንቅ ይችላል።

ውድ ጥንዶች፣ ዛሬ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ አንድ ጥያቄ ተጠያየቁ፦ “አንተ ታየዋለህ፣ አንቺ ታዪዋለሽ ብለን ማንም የማያየው ነገር በቤታችን አለ?” ካገኛችሁት ጠባቂውን በስም መድቡ፤ ከዚያም እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ጸልዩ።

እስከሚቀጥለው እትም ጌታ መውጫችሁንና መግቢያችሁን ይጠብቅ። አሜን!