የሚያስፈራው ሹሩባው አይደለም፤ ያልታሰረው ጫፍ ነው

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ነገሬ ስለ ፀጉር ነው። «ቲቸር ደግሞ ስለ ፀጉር ምን አገባት?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

አንዲት የድሮ ተማሪዬ፣ ሞተር ፈትታ የምትገጥም ጎበዝ ልጅ፣ አንድ ጋራዥ ተቀጠረች። ፀጉሯን እንደ ድሮ እናቶቻችን አልባሶ ትሠራለች። በሁለተኛው ሳምንት ኃላፊው ጠርቶ «ይሄ የሠርግ ፀጉር ነው፤ ወይ ተቆረጪ ወይ ሌላ ሥራ ፈልጊ» አላት። እዚያው ጋራዥ ውስጥ ድሬዱን ትከሻው ላይ ለቆ ኮፈን ሥር የሚያጎነብስ ወንድ ልጅ አለ። እሱን ማንም ምንም አላለውም። ልጅቷ «ቲቸር፣ ልቆረጠው ወይስ ልውጣ?» ብላ ጻፈችልኝ።

ለእሷ በኢንቦክስ መልሼላታለሁ። ግን ጥያቄው የእሷ ብቻ ስላልሆነ እዚህም ልበለው። የሥራ ቦታ ደንብ ስለ ፀጉር መናገር ያለበት አንድ ነገር ነው፦ ተንጠልጥሎ የሚቀር ነገር አይኑር። ከዚያ ያለፈው፣ አልባሶ ይሁን አፍሮ፣ የድሮ ይሁን የዘንድሮ፣ የአለቃ ጉዳይ አይደለም።

መጀመሪያ አደጋውን አላቃልልም። ብዙዎቻችሁ ቶርኖ ላይ ስትቆሙ ከኋላችሁ ቆሜ የጮህኩባችሁ ስለሆነ ታውቁኛላችሁ። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ቶርኖ ላይ በደቂቃ 1000 ጊዜ ቢዞር፣ በሰከንድ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ይጠቀልላል። 40 ሳንቲ ሜትር ፀጉር ቢይዝ ጠቅልሎ ለመጨረስ የሰከንድ ሩብ እንኳ አይፈጅበትም። «ሲይዘኝ አጠፋዋለሁ» የሚባል ነገር የለም። እጅ ማጥፊያው ጋ ሳይደርስ ጭንቅላት ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ በአንድ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ወርክሾፕ ውስጥ አንዲት ተማሪ ፀጉሯ ቶርኖ ላይ ተይዞ ሕይወቷ አልፏል። ሌሊት ነበር፣ ብቻዋን ነበረች።

መኪና ላይም ያው ነው። ቺንጋው ይዞራል፣ ቬንትሌተሩ ይዞራል። በብዙ መኪኖች ላይ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ቬንትሌተር ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን ሙቀት ሲሰማው በራሱ ይነሳል። ስለዚህ «ሞተሩ ጠፍቷል» ማለትም ዋስትና አይሆንም።

እና ኃላፊው ፈርቶ ከሆነ ፍርሃቱ ትክክል ነው። ያልገባኝ ሌላው ነው። ከፈራ ለምን ድሬዱን አልፈራም? ማሽን ፆታ አይለይም፣ ፋሽን አያውቅም። የሚያውቀው ርዝመትና የተንጠለጠለ ጫፍ ነው። አንዱን ጫፍ አይቶ ሌላውን የሚያልፍ ደንብ የደኅንነት ደንብ አይባልም። «ይሄ ሥራ የአንቺ አይደለም» የሚለውን በፀጉር አሳብቦ መናገር ነው።

ይህ ጥያቄ በእኛ የተጀመረም አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ሴቶች በብዛት ፋብሪካ ሲገቡ፣ የዘመኑ ፋሽን የፊልም ተዋናይቷ የቬሮኒካ ሌክ ፀጉር ነበር፤ ረጅም፣ ልቅ፣ አንድ ዓይን የሚሸፍን። ሴቶቹ ያንን ፀጉር ይዘው ማሽን ፊት ቆሙ። መንግሥት ምን አደረገ? «ፀጉር ያላት አትግባ» አላለም። እ.ኤ.አ. በ1943 ተዋናይቷን ራሷን ፀጉሯን ወደ ላይ ሰብስባ እንድታሳይ ጠየቃት፣ እሷም በአጭር ፊልም ላይ ቀርባ አሳየች። ሴቶቹም ፀጉራቸውን ጠቅልለው፣ በመረብ ይዘው፣ በሻሽ አስረው ሠሩ። ሆዋርድ ሚለር በዚያው ዓመት የሣላትን፣ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሳ ክንዷን የምታሳየዋን ሴት ታውቋታላችሁ፤ ጭንቅላቷ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቀይ ሻሽ አለ። ከሻሹ ፊት ለፊት ፀጉሯ በወጉ ተሠርቶ ይታያል። ሥራም አማረም አንድ ላይ ኖሩ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ምክንያቱም የእኛ የድሮ ፀጉር አሠራር ራሱ ለሥራ የተመቸ ነው። ሹሩባ ምንድን ነው? ፀጉርን ከራስ ቅል ጋር አጣብቆ መጎንጎን ነው። አንዴ ከተሠራ ቀናት ይቆያል፣ ጠዋት ጠዋት መስተዋት ፊት አያስቆምም፣ ፊት ላይ አይወርድም። የብረት መከላከያ ቆብ ከላዩ ሲደረግ ልክ ይቀመጣል። አናት ላይ በትልቁ የተቋጠረ ፀጉር ግን ቆቡን ያነሳዋል፣ ያነሳው ቆብ ደግሞ ጭንቅላት አይጠብቅም። ልጅቷ የተባለችው እንግዲህ ለቆብ ከሚስማሙት አሠራሮች አንዱን ፍቺው፣ ቁረጪው ነው። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ!

«የሠርግ ፀጉር» የሚለው ቃልማ አሳቀኝ። አፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ ነበሩ። ያንን ሹሩባ ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ በሚወስደው መንገድ ላይ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሱ ከሠራተኛው ጋር መሥራታቸውን በዓይናቸው ያዩ የውጭ ሰዎች ጽፈዋል። በ1860 ዓ.ም. ያ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን ሴቫስቶፖል የተጎተተው በዚያ መንገድ ነው። አቧራ፣ ላብ፣ ጭቃ፣ ድንጋይ። ከዚያ የበለጠ እጅ የሚያቆሽሽ ሥራ ካለ ንገሩኝ። ንጉሡ ከሞቱ በኋላ ከፀጉራቸው ተቆርጦ ተወሰደ። በለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም መልሶ ያስረከበን በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። ያን ቀን ስንቶቻችን በኩራት ፖስት አደረግን! ለንጉሥ ጉንጉን ለንደን ድረስ ሄደን፣ የልጃችንን ጉንጉን ግን ከጋራዥ እናስወጣለን?

አርበኞቻችንንም አስቡ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጫካ ለጫካ የተዋጉት ሰዎች ፎቶግራፍ ላይ ያ ጎፈሬ አለ። ማንም «በዚህ ፀጉር አይዋጋም» አላላቸውም።

እሺ፣ ታሪኩ ይብቃን። አሁን ወደ ሥራው። ለተማሪዎቼ ስል የነበረውን እዚህ ላስቀምጠው፤ ለልጆቻችሁም ንገሩልኝ።

ሹሩባ የምትሠሩ፦ የሹሩባ ደካማ ቦታው ማጅራት ላይ ተለቆ የሚበተነው ጫፍ ነው። ለበዓል ያምራል፣ ለቶርኖ አይሆንም። ለሥራ ቀን እስከ ጫፉ አስጎንጉኑትና አጥፋችሁ ከሥር እሰሩት። ፀጉር ሠሪዋንም «አታጥብቂው» በሏት። በጣም ጠብቆ የተሠራ ሹሩባ ውሎ አድሮ የግንባርን ፀጉር ያሸሻል፤ ቆብና ሻሽ ከላይ ሲጫነው ደግሞ ይብሳል።

አፍሮ የምታሳድጉ፦ የ1960ዎቹን ፎቶ አይታችሁ አፍሮ የጀመራችሁ ልጆች ብዙ ናችሁ፤ ደስ ይለኛል። የአፍሮ ችግሩ ከመያዙ ይልቅ መሰብሰቡ ነው። ግራይንደር የሚበትነውን የብረት ብናኝ እንደ ስፖንጅ ይይዛል፣ ማታ ትራስ ላይ፣ ከዚያም ዓይን ውስጥ ይገባል። ሁለት ሻሽ አድርጉ። ከሥር ለስላሳውን ለፀጉሩ፣ ከላይ የጥጡን ለሥራው። ብየዳ ላይ ከሆናችሁ ከሥር ያለውም ጥጥ ይሁን፤ ናይለን የእሳት ፍንጣሪ ሲያርፍበት ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

በሰው ሠራሽ ፀጉር የምትሠሩም እንደዚያው። ብዙው ፕላስቲክ ነው፣ ይቀልጣል። ብየዳ ካላችሁ ሙሉ በሙሉ ይሸፈን፤ «ጫፉ ብቻ ነው የወጣው» አይባልም።

ቅቤ የምትቀቡ፦ ቅዳሜ ማታ ቀብታችሁ እሑድ ታጠቡ። ሰኞ ጠዋት ቅቤ የነካ እጅ ይዛችሁ የኦክስጅን ሲሊንደር እንዳትከፍቱ። ቅባትና ከፍተኛ ግፊት ያለው ኦክስጅን ከተገናኙ እሳት ሊነሳ ይችላል። ይሄን ክፍል ውስጥ የነገርኳችሁ ቀን እንደሳቃችሁ አልረሳሁም።

ግሪስ ፀጉር ላይ ሲያርፍ፦ በቤንዚን የሚታጠብ ሰው አይቼ ደንግጫለሁ። ቤንዚን ቆዳ ያቃጥላል፣ ትነቱም እሳት ይጠራል። መጀመሪያ የምግብ ዘይት አሹበት፤ ዘይት ዘይትን ያላቅቃል። ከዚያ በሻምፑ ታጠቡ። ከሁሉ በፊት ግን እጅ! በኦሞና በሰጋቱራ አሽታችሁ ሳትታጠቡ ሻሽ ለማስተካከል እጃችሁን ወደ ራሳችሁ አትላኩ። የተፈታ ሻሽ ካለ ጓደኛ አለ፤ እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው ይሰርላችሁ።

ሻሽና ሒጃብ፦ ጫፉ ወደ ውስጥ ይገባል፣ አይንጠለጠልም። ሒጃብ የምታደርጉ ልጆች ጫፉን ቱታ ውስጥ አስገብታችሁ ስትሠሩ ዓመታት አይቻለሁ፤ አንድም ችግር አልነበረም። ማተብም ረጅም ከሆነ ቱታ ውስጥ። ድሬድ ያላችሁ ወንዶች፣ ይሄ ሁሉ እናንተንም ይመለከታል። ሻሽ የሴት ነው ያላችሁ ማነው?

ሻሽን ስል አንድ ነገር ልጨምር። እንጀራ የምትጋግር እናት ሻሿን ሳታስር ምጣድ ፊት አትቆምም። ወፍጮ ቤት የምትሄድ ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ ነው ወደ ቺንጋው የምትጠጋው። ማንም ማሠልጠኛ አላስተማራቸውም። የፀጉርና የጨርቅ ደኅንነት ዕውቀት ቤታችን ውስጥ አለ፤ ጋራዥ በር ላይ ስንደርስ ነው የምንረሳው።

ለባለ ጋራዦችና ለኃላፊዎችም አንድ ቃል አለኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያሳይ ያስገድዳል፤ ሠራተኛውም እንዲጠቀምበት። እንግዲህ «ተቆረጪ» ከማለት በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ቺንጋው ላይ መከለያ አለ ወይ? ቶርኖው በቀላሉ የሚደረስ ማጥፊያ አለው ወይ? ለሠራተኛው ሁሉ፣ ለወንዱም ለሴቷም፣ የራስ መሸፈኛ ሰጥታችኋል ወይ? መከለያው ወልቆ ጥግ ተጥሎ፣ ልጅቷን ስለ ፀጉሯ መቆጣት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ደግሞም መቁረጥ ብቻውን አያድንም። አጭር ፀጉር ያለው ሰው የሸሚዙ እጅጌ ይያዛል፣ ቀለበቱ ይያዛል፣ ጓንቱ ይያዛል። መከለያ የሌለው ማሽን ፀጉር ቢያጣ ሌላ ይፈልጋል።

አንዳንድ ወዳጆቼ «እስቲ ለሥራ ስትል ብትቆረጥ ምን አለበት? ፀጉር ይበቅላል» ይላሉ። ራሷ መርጣ ብትቆረጥ ምንም የለበትም። እኔም ከተማሪዎቼ መካከል ተላጭተው የተመቻቸው ሴቶች አውቃለሁ። ግን ስንት ሴት ልጅ ናት ቶርኖና ሞተር የምትመርጠው? ቤተሰብ አሳምና፣ የሰፈር ሰው አፍ ችላ፣ ክፍል ውስጥ ከወንዶች መሐል ብቻዋን ተቀምጣ እዚያ የደረሰችን ልጅ፣ በሩ ላይ «ራስሽን ትተሽ ግቢ» ስንላት፣ የምናጣው ፀጉር አይደለም፤ ባለሙያ ነው። ፀጉሩ ይበቅላል፤ ተስፋ ቆርጣ የሄደችው መካኒክ ግን አትመለስም።

ለዚያች ልጅ የመለስኩላት ይህን ነው። ጫፉን እስከ መጨረሻው አስጎንጉኚ፣ ከሥር እሰሪ፣ የጥጥ ሻሽ ደርቢበት። ከዚያ ኃላፊሽን በአክብሮት «ጋሼ፣ የሚንጠለጠል ነገር ካለኝ ያሳዩኝና አሁኑኑ አስረዋለሁ» በይው። የሚያሳይሽ ነገር ካጣ ጉዳዩ ከፀጉርሽ ጋር እንዳልሆነ እሱም ይገባዋል፣ አንቺም ይገባሻል። ድሬድ ላለው ልጅም አንድ ሻሽ ውሰጂለት፤ ነገ እሱ ቢያዝ የምታለቅሱት አብራችሁ ነው።

ጋራዥ፣ ቶርኖ ቤት ወይም ብየዳ ቤት ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ እናንተ ዛሬ ቀጣሪ ሆናችኋል። ግድግዳችሁ ላይ ደንብ ስትለጥፉ «ረጅም ፀጉር ክልክል ነው» አትበሉ። «ያልታሰረ ማሽን ፊት አይቆምም» በሉ። ሥሩ ደግሞ አንድ ምስማር ምቱና ንጹሕ የጥጥ ሻሾች ስቀሉበት።