ተሸንፈው ስለሚመለሱ ልጆች

ሁልጊዜ የሚያሸንፉትን ልጆች እግር ኳስ ማስተማር ቀላል ነው፤ ደስታቸው ራሱ ያተጋቸዋልና። በየሳምንቱ ተሸንፈው የሚመለሱትን የሚያሠለጥን ሰው ግን ምን ሊላቸው ይገባዋል? ልጆች ሆይ፥ በዚህ ነገር አሳቤን እነግራችኋለሁ፤ ከእናንተም አንዳንዱ ሲያድግ አሠልጣኝ ይሆን ይሆናልና።

ከሁሉ አስቀድሞ ሐሰት አይንገራቸው። እኔ ራሴ በዚህ በድያለሁ። ልጆቼ 3 ለ 0 በተሸነፉ ቀን፥ «ዳኛው አደላ እንጂ እናንተስ አልተሸነፋችሁም» አልኋቸው። ያን ጊዜ ፊታቸው በራ። በሚከተለው ሳምንት ግን ኳስ በተነጠቁ ቍጥር እጃቸውን ወደ ዳኛው ያነሡ ጀመር፤ መሮጥንም ተዉ፤ 5 ለ 0 ተሸነፍን። ያጽናናኋቸው መስሎኝ ማመካኘትን አስተምሬአቸው ኖሮ፥ በዳኛው ማመካኘት ሲሰለቻቸው በበረኛው ላይ ተነሡበት። ኳስ ወደ በረኛው የሚደርሰው አሥሩን ተጫዋቾች አልፎ ነው፤ ስድቡ ግን በእርሱ ላይ ብቻ ይወድቃል።

በረኛው ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረ። ቤቱ ድረስ ሄጄ ባየው ጤነኛ ነበረ፤ ያመመው እፍረቱ ነው። «የኔታ፥ የተሸነፍነው በእኔ ምክንያት ነው» አለኝ። እኔም፥ «ሁለቱ ጎሎች የገቡት በአንተ ስሕተት ነው፤ ሦስቱ ግን በሁላችን፥ በእኔም ጭምር» ብዬ እውነቱን ነገርሁት። በማግሥቱ መጣ።

አንዳንድ ሰዎች፥ «ልጅ ካልተቈጡት አይበረታም» ይላሉ። ቍጣ ለሰነፍ ይገባ ይሆናል፤ እስኪደክመው ሮጦ ለተሸነፈ ልጅ ግን ምን ያደርግለታል?

እኔስ የቅኔ ቤት ልማድ ትዝ አለኝ። የቅኔ መምህር ጀማሪውን ልጅ ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ያስጀምረዋል እንጂ ረጅሙን መወድስ አይጭንበትም። ስለዚህ «አሸንፉ» ማለትን ትቼ፥ «እስከ ዕረፍት ድረስ ጎል አይግባብን» አልኋቸው። በዚያ ቀን 2 ለ 0 ተሸነፍን፤ ሁለቱም የገቡት ግን ከዕረፍት በኋላ ነው። ልጆቹ እየዘፈኑ ሲመለሱ በመንገድ ያገኘን ሰው ያሸነፍን መስሎት፥ «ስንት ለስንት ነው?» ብሎ ጠየቀን።

የአገራችንም ቡድን በዚህ መንገድ አልፏል። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም በተደረገው በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ። በ1951 ዓ.ም. በካይሮ በዚያው ቡድን እንደ ገና 4 ለ 0 ተሸነፈ። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ግን አቶ ይድነቃቸው ተሰማ አሠልጥነውት፥ በአዲስ አበባ ያንኑ የግብፅን ቡድን 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በዚያም ቀን ሁለት ጊዜ ተቀድሞ ሁለት ጊዜ ደረሰ፤ ያሸነፈውም በተጨመረው ሰዓት ነው። ይህን ስተርክላቸው ልጆቼ ከድሉ ይልቅ ስለ ሁለቱ ሽንፈቶች ደጋግመው ጠየቁኝ።

በረኛችን ዛሬም ጎል ይገባበታል። ጨዋታው ባለቀ ጊዜ ግን አይሸሸግም፤ ወደ እኔ መጥቶ፥ «ዛሬ ስንቱ የእኔ ነው?» ይለኛል። እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግረዋለሁ።